የማድ ቤቱ ቆርቆሮ፦ ትዝታንና የጊዜን ማለፍ በብረት ሥራ ለመግለጽ ዝርዝር መመሪያ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ መንደር ሲነሣ የአያቴ ማድ ቤትም አብሮ ተነሣ። ዕቃው በጭነት መኪና ሲጫን ማንም ያልፈለገው አንድ ቆርቆሮ ግንብ ተደግፎ ቀረ። እኔ ወሰድሁት። ሁለት ወር ሙሉ በረንዳዬ ላይ ቆሞ ጎረቤት ሁሉ «ይህ መቼ ነው የሚጣለው?» እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ። ዛሬ ያ ቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ከመዳብና ከላሜራ ጋር ተጋጥሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ሰሌዳ የሠራሁበትን መንገድ ነው። ብየዳ አይጠይቅም፤ በረንዳ፣ ጠንካራ ጠረጴዛና ትዕግሥት ያለው ሰው በአራት ቅዳሜዎች ይጨርሰዋል።

ከመጀመሪያው መዶሻ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ጊዜን በብረት ለመግለጽ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሰዓት ወይም የደረቀ ቅጠል ቆርጦ መለጠፍ ነው። ይህ ጊዜን መሣል ነው፤ ለመሣል ደግሞ ወረቀት ይሻላል። ብረት ራሱ ጊዜ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ይዝጋል፣ ይጠቁራል፣ እጅ ሲነካው ያበራል። የእኛ ድርሻ ጊዜ የት ላይ እንዲሠራ፣ የት ላይ እንዲቆም መወሰን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ሦስት ክፍል አለው፦ ያለፈውን ጊዜ ተሸክሞ የመጣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ በእሳት ጀምረን እኛው የምናስቆመው ላሜራ፣ እና ወደፊት እንዲለወጥ ክፍት የምንተወው መዳብ።

ከመጀመራችሁ በፊት ከተማውን ዙሩ

አንድ ጠዋት ለዚህ ብቻ ስጡት። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ካለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ጀምሩ። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ የነሐስ ሥራ ነው፤ ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ አውርደው ቀበሩት፤ ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አፈር ውስጥ የከረመ ነሐስ እንደገና መቆም መቻሉን እያሰባችሁ ተመልከቱት። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡና የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልትን የነሐስ ቅርጾች እዩ። ደጅ በሚያድር ነሐስ ላይ ዝናብ የሚያጥበው ቦታና ከክንድ ሥር፣ ከልብስ እጥፋት ውስጥ የተሸሸገው ቦታ ቀለማቸው እኩል አይደለም። የምትፈልጉት ይህንን ልዩነት ነው።

እዚያው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ መስቀሎች አሉ። የእጅ መስቀል ስታዩ ወርቅ ቅቡ ወይም ሐረጉ አይያዛችሁ፤ የለሰለሰውን ቦታ ፈልጉ። ምእመናን ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን የሚያሳርፉበት፣ ካህኑም የሚጨብጡበት ቦታ ከጊዜ ብዛት ጠርዙ ይሟሟል። ያንን ልስላሴ የሠራው አንጥረኛ የለም።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ምረጡ፤ አንድ ብቻ

«የልጅነት ሕይወቴ» የሚል ሰሌዳ አይሠራም። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቅርጽ ያዙ። ጀበና ግን እባካችሁ ይቅር፤ ለቱሪስት በሚሸጠው ሁሉ ላይ አለ፤ የእናንተን ቤት ጀበና ከሌላው የሚለይ የለም። የእናንተ ብቻ የሆነውን ፈልጉ፦ ለረጅም ዓመት ፎቶ ተሰቅሎበት የነጣ የግድግዳ ቦታ፣ የተጣመመ የመስኮት ዘንግ፣ ሁልጊዜ የሚጠፋው ቁልፍ።

እኔ ግራ ሲገባኝ አክስቴን ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ከማድ ቤቱ መጀመሪያ ትዝ የሚልዎት ምንድን ነው?»

ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «የበሩ መወርወሪያ ነዋ። እማማ ሌሊት ሊጥ ሊያዩ ሲገቡ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። እሷን ስሰማ ገና አልነጋም ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ።»

መወርወሪያዋ ከበሩ ጋር ሄዳለች፤ ማንም አላስቀራትም። ስለዚህ ቅርጿን ከእትዬ ጋር ሆነን ወረቀት ላይ ሣልናት፤ እሳቸው «ጫፏ እንዲህ ወጣ ይል ነበር» እያሉ ሦስት ጊዜ አሳረሙኝ። ይህን ንግግር አትዝለሉት። ሠሪው ብቻውን የሚያስታውሰው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ያማረ ይሆናል።

የሌለ ዕቃን ቅርጹን ለጥፎ ከማሳየት ይልቅ ቆርጦ ማውጣት ይበልጣል። ቅርጹ ባዶ ቀዳዳ ይሁን፤ ከኋላው መዳብ ይታይ። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን አነጋገራችንን ከአንጥረኛ ቤት ስንወስደው የወሰድነው ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ይሰጥና ቀልጦ ይሄዳል፤ ወርቁ የሚገባው ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ነው።

ደረጃ 2፦ ብረቱን መፈለግ

የራሳችሁ ቤት ቆርቆሮ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከሌላችሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂዱ። እዚያ የተጣለ እንጂ የማይረባ ብረት የለም፤ በርሜል ተዘርግቶ ሣጥን፣ የቆርቆሮ ጣሳ ተቆርጦ ኩራዝ ሲሆን ቆማችሁ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ወፍራም ጓንት ያዙ፣ ትንሽ ማግኔትም በኪሳችሁ ይኑር። መዳብ የሚመስል ግን ማግኔት የሚይዘው ነገር ከውስጡ ብረት ነው፤ ተዉት።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚወጣው አሮጌ ቆርቆሮ፤ 20 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚደርስ የመዳብ ሉህ፤ 60 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ። ላሜራው ዚንክ ያልተቀባ መሆን አለበት፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ለማያያዣ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ይገኛል። ፕላስቲኩን በቢላዋ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ከመሣሪያ የቆርቆሮ መቀስ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ቁጥር 120፣ 240 እና 400 የብርጭቆ ወረቀት፣ ከበረባሶ ሠሪ የሚለመን የመኪና ጎማ ቁራጭ። የዓይን መከላከያ መነጽርና የቆዳ ጓንት ግዴታ ናቸው። የዛገ ቆርቆሮ እንደሚቆርጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው ካለፈ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ። አሮጌ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት፤ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቆርቆሮውን ማንበብ

ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ግማሽ ቀን እንድትሰጡት እመክራለሁ።

ቆርቆሮውን የጠዋት ፀሐይ ከጎን በሚያገኘው ቦታ አቁሙት። መጀመሪያ የምስማር ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። በየቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ዝገት አለ፤ ከቀለበቱ ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወርድ ቡናማ መስመርም ታያላችሁ። ዝናቡ የወረደው በዚያ በኩል ነው። ሰሌዳውን ስትሰቅሉ መስመሩ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጉ፤ ተገልብጦ ከተሰቀለ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይረብሸዋል።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። በአንደኛው ጎን ከአራት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከሌላው ይልቅ የነጣ ረጅም ሰቅ ይኖራል። ጎረቤት ቆርቆሮ ተደርቦበት የኖረ ቦታ ነው። ዝናብም ፀሐይም ስላላገኘው ዚንኩ እንደ ተሠራ ቀን ግራጫና አንጸባራቂ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ሁለት ዕድሜ አለ፤ በመካከላቸው ያለው ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ስትቆርጡ ይህንን ድንበር በምንም ምክንያት አትጣሉት።

አሁን ገልብጡት። የኔ ቆርቆሮ በውጭ በኩል እንደ ማንኛውም ጣሪያ የዛገ ነበር። በውስጡ በኩል ግን ጥላሸት ነው፤ ያውም እኩል ያልሆነ። ከምድጃው በላይ የነበረው ቦታ እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ድፍን ጥቁር፣ ከዚያ ራቅ ሲል ሻይ የመሰለ ቡናማ፣ ወራጁ ያረፈባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥላሸት ያልነካቸው ሁለት ንጹሕ መስመሮች። ጣቴን ሳሳርፍበት የጣቴ አሻራ ቀረ። የእንጀራ ምጣድ ጭስ፣ የበርበሬ ቁሌት፣ የስንት ዓመት ሌሊት እዚያ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው ዝገቱን ወደ ውጭ ያደርግ ይሆናል፤ እኔ የመረጥሁት ውስጡን ነው። ዝገት የዝናቡ ታሪክ ነው፤ ጥላሸቱ ግን የቤቱ ሰው ታሪክ ነው። የእናንተ ቆርቆሮ የመኝታ ቤት ከሆነ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ ዋናው ሁለቱንም ፊት ሳታዩ አለመወሰን ነው።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ሕግ አለኝ፤ እስካሁን አልጣስሁትም። እውነተኛ ዕድሜ ያለውን ብረት በኮምጣጤ ወይም በአሲድ «ይበልጥ አሮጌ» ለማድረግ አትሞክሩ። ሰው ሠራሽ ዝገት ከእውነተኛው ዝገት አጠገብ ሲቆም የውሸት ምስክር ይመስላል፤ ደግሞም እውነተኛውን ያስጠረጥርበታል።

ደረጃ 4፦ ሳያጥቡ ማጽዳት

ውሃና ሳሙና አታስነኩ። ለስላሳ የቀለም ቡሩሽ ይዛችሁ የሸረሪት ድርና የላላ አቧራ ብቻ አራግፉ፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ቅርፊት የሆነ ዝገት ካለ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ ጣሉት። ጥላሸቱን ለማጽናት በመርጫ ጣሳ የሚሸጥ አንጸባራቂ ያልሆነ ግልጽ ቫርኒሽ ተጠቀሙ። ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ደጅ ሆናችሁ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ርጩ፤ በየመካከሉ ይድረቅ። በቡሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ አይሆንም፤ ቡሩሹ ጥላሸቱን ጎትቶ ያበላሸዋል። መጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። እኔ ሳልሞክር የመጀመሪያውን ርጭት አበዛሁትና አንድ ጥግ ላይ እንደ እንባ ወረደ። አሁንም አለ።

ደረጃ 5፦ ቆርቆሮውን መቁረጥ

60 በ40ውን በኖራ አስምሩ፤ ቁመቱ የቆርቆሮውን ጉባ፣ ማለትም የሞገዱን እጥፋት፣ ተከትሎ ይሂድ። ረጅሙን ጎን በጉባው ውስጥ መቁረጥ ቀላል ነው። አግድም ስትቆርጡ ግን መቀሱ ጉባውን ይደፈጥጠዋል፤ ለዚህ መላው የመጥረጊያ እንጨት ነው። እንጨቱን ከጉባው ሥር አስገቡና በመቀስ ፈንታ በመሮ፣ በትናንሽ ምት፣ መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱ።

ቀዳዳውን፣ ማለትም የዕቃውን ቅርጽ፣ ወረቀቱን በሙጫ ለጥፋችሁ ጀምሩ። የኔ መወርወሪያ 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበራት፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ጣት አይገባም፤ ጣት መግባቱ ደግሞ ያስፈልገናል። በመስመሩ ውስጠኛ ጎን በየ4 ሚሊ ሜትሩ በመሰርሰሪያ ብሱ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን በመሮ ቁረጡ፤ የቀረውን ጥርስ በሞረድ አስተካክሉ። ከዚያ በ120፣ በ240 የብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ከፊትም ከኋላም አለስልሱ። ጥሩ መፈተኛ ጥጥ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ጎትቱት፤ አንድ ክር እንኳ ከያዘ ጣትንም ይይዛል።

ተቆርጦ የወጣውን ቁራጭ አትጣሉት። የኔን ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ የዳዊታቸው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው።

ደረጃ 6፦ መዳቡ

መዳብ ሲመታ ይደነድናል። እያንዳንዱ ምት በውስጡ ይቀራል፤ ሲበዛ ብረቱ እምቢ ይልና ይሰነጠቃል። ይህንን የሚያስረሳው እሳት ብቻ ነው። መዳቡን በተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ላይ፣ ጥላ ባለበት ቦታ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉትና በፒንሳ ይዛችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አንጥረኞች በየመካከሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከሚቀልጥበት 1,085 ዲግሪ ሴልሺየስ በጣም በታች ስለሆነ አትፍሩ፤ ግን ብርቱካንማ ሆኖ እስኪያበራ አትጠብቁ። የሸፈነውን ጥቁር ቅርፊት ለማንሣት የሎሚ ጭማቂና ጨው ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀምጡት፤ እጠቡት።

ቁጥር ወይም ፊደል የምታስገቡ ከሆነ ከጀርባ በኩል ምቱ፤ ከፊት በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል። እኔ ማድ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት በግዕዝ ቁጥር አደረግሁት፦ ፲፱፻፶፪። ከጀርባ የሚመታ ነገር ተገልብጦ መጻፍ አለበት፤ ወረቀቱን መስኮት መስተዋት ላይ አድርጋችሁ በግልባጩ ቅዱት። መዳቡን ጎማው ላይ አስተኙ፤ ጫፉ በሞረድ የተለሳለሰ ትልቅ ምስማር ይዛችሁ በቀላል ምት ነጥብ በነጥብ ሂዱ። ቁጥሩ በቀዳዳው በኩል እንዲታይ አስቀድማችሁ ለኩ። እኔ መጀመሪያ ሳልለካ መትቼ «፶፪» ብቻ ታየ፤ አንድ መዳብ ከሰርሁ።

አሁን የማጥቆር ሥራ ነው፤ እንቁላል ትፈልጋላችሁ። መዳቡን በ400 የብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁ በኋላ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚህ በኋላ ፊቱን በጣት አትንኩ። ሁለት እንቁላል 10 ደቂቃ ቀቅሉ፤ ትኩስ እንዳሉ ልጣችሁ ለሁለት ክፈሏቸውና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከመዳቡ ጋር ዝጉባቸው፤ እንቁላሉ መዳቡን አይንካው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ድኝ መዳቡን ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወርቃማ፣ ከሰዓታት በኋላ ቡናማ፣ ካደረ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሆናል። በየጊዜው ክፈቱና እዩ። ሽታው ቤት ያስለቅቃል፤ በረንዳ ላይ አድርጉት። ለነገሩ እኔ የሠራሁት በሁዳዴ ነበር፤ ጎረቤት እንቁላል ቀቅዬ ተደብቄ የምበላ ሳይመስለው አልቀረም።

ከደማቅ ጥቁር ይልቅ ቡናማው ላይ አቁሙት። ገና ብዙ የሚለወጥበት ቦታ ይቀርለታል።

ደረጃ 7፦ የላሜራው ቀለም

የምወደው ክፍል ነው። ንጹሕ ብረት ሲሞቅ ቀለም ያወጣል፤ ቀለም የቀባው የለም። ፊቱ ላይ የሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ብርሃን የሚመለስበት መንገድ ይለወጣል፤ ዓይናችን ቀለም ያያል። ወደ 220 ዲግሪ ሲደርስ የገለባ ቀለም፣ ወደ 255 ቡናማ፣ ወደ 280 ሐምራዊ፣ ወደ 300 ሰማያዊ፤ ከዚያ ሲያልፍ ግራጫ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ አለመገልበጡ ነው። ሰማያዊን ያለፈ ብረት ቢቀዘቅዝም ወደ ገለባ አይመለስም፤ ሁሉንም ፈግፍጎ ከባዶ መጀመር ብቻ ነው ያለው። ስለጊዜ ማለፍ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገኝም።

ላሜራውን በ120፣ በ240፣ በ400 ተራ በተራ ፈግፍጉ፤ መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። በአልኮል ጥረጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ቡታ ጋዙን በመካከለኛ ነበልባል አብሩ፤ ላሜራውን በአንደኛው ጫፍ በፒንሳ ይዛችሁ ሌላኛውን ጫፍ ከነበልባሉ በላይ እየወሰዳችሁ መልሱ። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ትዕግሥት ሲያልቅ በድንገት ገለባው ይመጣል፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከታትለው ይሮጣሉ። ከነበልባሉ ካወጣችሁትም በኋላ ሙቀቱ ስለሚገፋ ከፈለጋችሁት ቀለም አንድ እርምጃ ቀድማችሁ አውጡና ውሃ ውስጥ አስቁሙት። የታችኛው ጫፍ ሰማያዊ ሲሆን ነበልባሉን ወደ ላይ እያስኬዳችሁ፣ እያሳነሳችሁ ሂዱ፤ የላይኛው ጫፍ ምንም ሳይነካው ነጭ ብረት ሆኖ ይቅር።

ላሜራው ዚንክ ያልተቀባ ይሁን ያልሁት ለዚህ ነው። ዚንክ የተቀባ ብረት፣ አሮጌውን ቆርቆሮ ጨምሮ፣ በምንም ዓይነት እሳት ላይ አታድርጉ። የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል፤ የብረት ሠራተኞች የሚያውቁት ሕመም ነው።

አሮጌ ቆርቆሮ ላላገኙና ዝገትን ከባዶ ለሚሠሩ አንድ አማራጭ ልጨምር፤ በአዲስ ጥቁር ላሜራ ላይ ብቻ። ግማሽ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከፋርማሲ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉና በተፈገፈገ ብረት ላይ ደጅ ርጩት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። የተረፈውን ድፉት፤ ክዳኑ በተዘጋ ጠርሙስ ካኖራችሁት ይፈነዳል። በዚህ ሥራ አካባቢ በረኪና የሚባል ነገር አይቅረብ፤ ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ዝገቱ ሲበቃችሁ ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውሃ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ አድርቁ። ይህን የሚሠራ ሰው ከኋላው «በእኔ እጅ የዛገ» ብሎ ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

ደረጃ 8፦ ማጋጠም

መዳብና ዚንክ እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ዚንኩ ይበላል፤ ቀጥሎም ብረቱ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባ ነገር ያስፈልጋል። ጎማ አታድርጉ፤ በውስጡ ያለው ድኝ መዳቡን ያጠቁረዋል። ከባዶ ሃይላንድ ፕላስቲክ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ክቦች ቁረጡ፤ መሃላቸውን ብሱ። የማያያዣው ሽቦ ራሱ መዳብ ስለሆነ በቆርቆሮው ፊት በኩልም ከራሱ ሥር አንድ ክብ ይግባ፤ በቀዳዳው ውስጥ ጥቂት መነካካት ቢኖር በደረቅ ሳሎን ብዙ አይጎዳም።

መዳቡ ከቆርቆሮው ኋላ፣ ጉባው ወደ ኋላ በሚወጣባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ያርፋል፤ ስለዚህ በቀዳዳው በኩል ሲታይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጥላ ይዞ ይቀመጣል። በአራት ቦታ ብሱ፤ ቀዳዳው ለ3 ሚሊ ሜትሩ ሽቦ ልክ ይሁን። ሽቦውን አስገቡ፤ በሁለቱም ወገን የሽቦውን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይትረፍ። አንዱን ጫፍ ጠንካራ ብረት ላይ አሳርፋችሁ ሌላውን በትናንሽ ምት፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ እንደ እንጉዳይ ራስ አድርጉት። ላሜራውንም በግራ ጠርዝ በኩል፣ ከነጣው ሰቅ ራቅ አድርጋችሁ በዚሁ መንገድ ያዙት።

ደረጃ 9፦ የት ይሸፈን፣ የት ይከፈት

ለላሜራው የንብ ሰም በቂ ነው፤ ወፍራም ቫርኒሽ ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል። አንድ እጅ ሰም በጣሳ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰም ደግሞ 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ችግር የለም። ከእሳት ርቃችሁ ሦስት እጅ ተርፔንታይን ጨምሩና አማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወልውሉ። ጨርቁን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፤ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። ላሜራው ከዚህ በኋላ ብዙም አይለወጥም።

መዳቡ ላይ ምንም አትቀቡ። ባዶውን ተዉት።

ደረጃ 10፦ የሚሰቀልበት ቦታ

እንደ ሥዕል በዓይን ትክክል አትስቀሉት፤ እጅ በሚደርስበት፣ በደረት ከፍታ፣ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ወይም በር አጠገብ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ «ግባና ንካው» በሉ። ጣት የሚያርፍበት የመዳቡ መሃል ይጠራል፤ ማንም የማይደርስበት ጥጉ ይጠቁራል። ክረምት ሲገባ ለውጡ ይፈጥናል። በየዓመቱ መስከረም 1 ጠዋት፣ በዚያው ቦታ ቆማችሁ፣ በዚያው ብርሃን አንድ ፎቶ አንሡ። ከጀርባው ላይ ደግሞ በምስማር ጭራችሁ ቆርቆሮው ከየት እንደ መጣና ሰሌዳው የተሰቀለበትን ቀን ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። የኔ ሰሌዳ ዓመት ሊሞላው ሲል ለፋሲካ ገበያ ወጥቼ ስመለስ እትዬ ቤቱን አጽድተው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው ጠበቁኝ። መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። በሎሚና በአመድ ፈትገውታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ቡናማ ከጥጉ ሳይቀር ጠፍቷል። አፌን ከፍቼ ቆምሁ።

«እንዲህ ጠቁሮ ለበዓል ይታያል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን በመወርወሪያዋ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ ልክ በር እንደሚከፍት ሰው።

እንቁላሉን እንደገና አልቀቀልሁም። ሰሌዳውን አውርጄ ከጀርባው፣ ከመጀመሪያው ቀን በታች፣ ሁለተኛ ቀን ጫርሁበት፦ «የፋሲካ ዋዜማ፣ በእትዬ እጅ»።